ቢጫ ሽቦ የተጠመጠመባት ቧንቧ

ዛሬ ጠዋት በራችን ላይ መንገዱን የሚቆፍሩት ልጆች ከአፈር ውስጥ አንድ ብረት ጎትተው አወጡ። የሚቆፍሩት ለአዲስ የውሃ መስመር ነው፤ ድሮ የተቀበረው ቧንቧ ለሰፈሩ አልበቃ ብሏል አሉ። እኔ በርጩማዬን ደጃፌ ላይ አውጥቼ ተቀምጫለሁ። እርጥቡ አፈር ከዛገ ብረትና ከክሎሪን ጋር ተቀላቅሎ ሲሸተኝ ገና ብረቷን ሳላይ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አደረግሁ። አንደኛው ልጅ በአካፋው ጠርዝ ፋቅ ፋቅ አደረጋትና ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ክንድ የምታህል ባለ ግማሽ ኢንች ቧንቧ ናት፤ አንዱ ጫፏ ላይ ቢጫ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅጥቅ ተደርጎ ተጠምጥሞባታል። ብረቱ ዝጎ ተበልቷል፤ ሽቦው ግን ትናንት የተጠመጠመ ነው የሚመስለው። "እማማ፣ ይቺን የቀበረ ሰው ምን አስቦ ይሆን?" አለኝ እየሳቀ። "አምጣት፣ የኔ ናት" አልኩት። "የእርስዎ?" "የኔ ናት አልኩህ እኮ! ልማልልህ እንዴ?" ሳቁን ዋጥ አድርጎ በሁለት እጁ አቀበለኝ።

ይቺ ቧንቧ የጎረቤቴን የዘይነባን ግራ ዓይን ያጠፋች ናት። የመታኋት እኔ ነኝ። ይህን የድሮ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሰው የሚያውቀው ግን ዳምጤ በሚባል ውሃ ሻጭ ላይ ሰንዝሬ፣ እሷ ልትገላግል መሃል ስትገባ በስህተት እንዳገኘኋት ነው። እንዲያ ብዬ ያወራሁት እኔ ራሴ ነኝ። ዘይነባ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ልትጠይቀኝ ትችል ነበር፤ "ስትመቺኝ አይተሽኝ ነበር ወይ?" ብላ። እስከ ዛሬ ጠዋት አልጠየቀችኝም። እኔም ሳልጠየቅ አልተናገርኩም። አንድ ግድግዳ ተጋርተን፣ በሐዘን በደስታ ሳንለያይ፣ ልጅ ድረን የልጅ ልጅ አይተን፣ ያቺ ጥያቄ መሃላችን ቁጭ ብላ አብራን አረጀች።

ያኔ ሰፈራችን አዲስ ከተማ እንዲህ አልነበረም። ባጃጅ የሚባል ነገር አልመጣም፤ ከመናኸሪያ ወደ ሐይቅ ዳር የምንወርደው በፈረስ ጋሪ ነው። ሃምሳ ሳንቲም ከፍለሽ ትወጫለሽ፣ ፈረሱ በየመንገዱ ፋንድያውን ይጥላል፣ አንቺ ነጠላሽን አፍንጫሽ ላይ አድርገሽ ትሄጃለሽ። ዳቦ ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር፣ ያውም እጅ የሚሞላ። ሴቱ ሁሉ ኮንጎ ጫማ ነው የሚያደርገው፤ ጭቃ ሲነካው እጥብ አድርገሽ መልሰሽ ማጥለቅ ነው። መናኸሪያው በር ላይ ያለው ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ያንኑ ዘፈን ሲደጋግመው ይውላል፤ ሳንወድ በግድ ግጥሙን ሸመደድነው። እስከ ዛሬ ያ ዘፈን በሬዲዮ ሲመጣ ሌላው ሰው ፍቅረኛውን ያስታውሳል፤ እኔ የማስታውሰው ባዶ ጀሪካን ነው። ሐይቁ ያው ሐይቅ ነው፤ አባ ኮዳ የምንለው ትልቁ ወፍ ዳሩ ላይ ቆሞ ዓሣ አራጆቹን ይጠብቃል። ያን የሚያህል ውሃ አጠገባችን ተኝቶ እኛ በውሃ እንፋጅ ነበር። የሐይቁ ውሃ ልብስ ይታጠብበት እንደሆነ እንጂ አይጠጣም። ለመጠጥ ያለችን አንዲት ቦኖ ናት፤ አራት ቧንቧ ያላት፣ ሁለቱ የተሰበሩ።

ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ ነው የሚመጣው፤ እሱም ከመጣ። መጀመሪያ ቧንቧው አየር ይተፋል፣ "ሽሽሽ" ይላል። ያቺን ድምፅ ስንሰማ ሰው መሆናችን ይቀራል። ባዶ ጀሪካን አናት ላይ ሲያርፍ ከበሮ ነው የሚመስለው፤ ሙሉው ሲያርፍ ግን ድምፅ የለውም፣ የተመታው ሰው ዝም ብሎ ቁጭ ይላል። የአንዷ ጆሮ በጉትቻዋ ተጎትቶ ሲተለተል በዓይኔ አይቻለሁ። ጸጉር ከነሥሩ ተነቅሎ ጭቃው ላይ ወድቆ አይቻለሁ። አንዲት ነፍሰ ጡር ከሲሚንቶው ላይ ተገፍትራ ወድቃ በዚያው ሳምንት አስወረዳት። ማን እንደገፈተራት አልታወቀም፤ ሁላችንም ስንገፋ ነበርና ማን ማንን ይጠይቃል? አሁን የልጅ ልጄ ጥርሷን ስትቦርሽ ቧንቧውን ከፍታ ትተወዋለች። "ዝጊው!" ብዬ ስጮህ ክው ትላለች፤ "እማዬ፣ ውሃ እኮ ነው!" ትለኛለች። አይ ልጅነት!

የወረፋው ደንብ እንዲህ ነበር። ሰው አይሰለፍም፣ ጀሪካን ነው የሚሰለፈው። ሁሉም ጀሪካኑ እጀታ ላይ የራሱን ጨርቅ ያስራል፤ የኔ ከአሮጌ ቀሚሴ የተቀደደ ቀይ ነበር፣ የዘይነባ ከሻሿ የተቆረጠ አረንጓዴ። ጀሪካንሽን ረድፉ ላይ ካቆምሽ ቤትሽ ገብተሽ ሥራሽን ትሠሪያለሽ፤ አንቺ እዚያ እንዳለሽ ነው የሚቆጠረው። ያንን ጀሪካን በእግሩ ገፋ ያደረገ ሰው አንቺን በጥፊ እንደመታ ነው። ለዚህ ደንብ ዳኛ ያስፈልጋል፤ ዳኛዋ እኔ ነበርኩ። ፍርድ አዋቂ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። አንድ ዓርብ አንድ ጎረምሳ ጀሪካኔን ሲያነሳ ደረስኩበትና ማጅራቱን ይዤ ከሲሚንቶው ጋር አላተምኩት፤ ሁለት ጥርሱን ተፋ። በማግስቱ ሴቶቹ ተሰብስበው "ጥሩነሽ ዳኛ ትሁንልን" አሉ። ቧንቧዋን ያገኘኋት ከተሰበሩት ሁለት የቦኖ ቧንቧዎች ከአንደኛው ነው፤ እጄን እንዳትቆርጠው ቢጫ ሽቦ ጠመጠምኩባት። በረድፉ ዳር ዳር እየሄድኩ እያንዳንዱን ጀሪካን ኳ፣ ኳ አደርጋለሁ፤ ሕዝቡ ጸጥ ይላል። ባለቤቴ አስተማሪ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና፤ "የአስተማሪ ሚስት፣ የቦኖ ተደባዳቢ!" እያለ ያፍርብኝ ነበር። ውሃውን ግን ይጠጣል።

ዘይነባ የኔ ተቃራኒ ናት። እነሱ ከስልጤ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ ባሏ መንገዱ ዳር ሱቅ ነበረው። እኔ ባሌን ተከትዬ ከሸዋ የመጣሁ ነኝ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ሳቋ ቶሎ የሚመጣ፣ ጠብ ባየች ቁጥር "ወላሂ ተዉ!" እያለች መሃል የምትገባ ሴት ነበረች። ልጇን ሰሚራን ስትወልድ ጡቷ ወተት እምቢ አለ። እኔ ያኔ የመጨረሻ ልጄን አጠባ ነበርና ሰሚራን በሌላኛው ጡቴ ያዝኳት። ሁለቱ ሕፃናት ጭኔ ላይ ሆነው በእግራቸው ሲጠላለዙ እኔና ዘይነባ እያየን እንስቅ ነበር። እህት አልነበረኝም፤ እህቴ እሷ ነበረች ስል ለማሳመር አይደለም።

እንግዲህ በዚያ መሃል ነው ወሬው የመጣው። ለከተማው ውሃና ሽንት ቤት የሚሆን ብድር ከውጭ ካለ የልማት ባንክ ሊገኝ ነው፤ የባንኩ ሰዎች የባሰባቸውን ሰፈሮች በዓይናቸው ሊያዩ ይመጣሉ ተባለ። እኛ ከዚህ ሁሉ የሰማነው አንዲት ቃል ናት፤ ባንክ። ባንክ ቤታችን ሊመጣ! ሴቶቹን ግቢዬ ሰበሰብኩና እንዲህ አልኳቸው። "ሊያበድሩን ነው የሚመጡት። ብድር የሚጠይቅ ሰው ምን ለብሶ ነው የሚሄደው? ያለውን ሁሉ አይደለም? እንዲህ ተጎሳቁለን፣ ስልሳ ምናምን ጀሪካን መንገድ ላይ ደርድረን ካዩን 'እነዚህ ከየት አምጥተው ይከፍላሉ?' ብለው ነው የሚመለሱት።" ሁሉም እውነት ነው አለ። በዚያ ላይ እንግዳ ነው፣ ያውም ፈረንጅ፤ ገመናችንን ደጅ አስጥተን ልንቀበል ኖሯል? ዘይነባ ብቻ "ጥሩዬ፣ ጀሪካኑን ተዉት፣ ይዩት። የሚመጡት እኮ ችግር ሊያዩ ነው" አለች። "እስቲ ንገሪኝ" አልኳት፤ "ባልሽ ከሱቁ ዱቤ የሚሰጠው ለማን ነው? ለደላው ነው ለተቸገረ?" ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ዘይነባ አልሳቀችም፤ ጀሪካኗን አንስታ ከሌሎቹ ጋር ግቢዬ አስገባች።

ሲመጡ ቢያዩን ኖሮ! የዓመት በዓል ልብሳችንን ለብሰን፣ መንገዱን በሐይቅ ውሃ አርሰን፣ ለስላሳ በመዋጮ ገዝተን። ሰባት ቤተሰብ የሚጠቀምበትን፣ ሞልቶ የሚፈሰውን ሽንት ቤት በሸራ ጋረድነው፤ ፊቱ ላይ የአበባ ጣሳ ደረደርንበት። ማስታወሻ የያዘች ፈረንጅ ሴት፣ አንድ መሐንዲስና ክራቫት ያሰረ አስተርጓሚ ነበሩ። "ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?" ብላ አስጠየቀችኝ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ጎድሎብን!" አልኩ። አስተርጓሚው ትክ ብሎ አየኝና "እህቴ፣ እውነቱን ንገሪን እንጂ" አለኝ። "እውነቱ ነው፤ ትዋሻለሽ ነው የምትለኝ?" አፈጠጥኩበት። ሴትዮዋ ሽንት ቤት ስትጠይቅ ቀድሜ ወዳስፈቀድኩት ወደ አንድ ባለ ወፍጮ ቤት ወሰድኳት፤ ከሰፈሩ ሴራሚክ ያለው ሽንት ቤት የሱ ብቻ ነበር። ፈገግ ብላ ወጥታ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ያቺ ጽሑፍ ናት የፈጀችን።

ቅጣታችን የጀመረው በዚያው ከሰዓት ነው። መኪናቸው ከዓይናችን እንደተሰወረ ጀሪካኖቹን ከግቢዬ አወጣን። ለካ ሲገቡ ማንም ቅደም ተከተላቸውን አልያዘም! "እኔ አራተኛ ነበርኩ፣" "አንቺ የት ነበርሽ፣ አራተኛው የኔ ነው" ሲባባሉ፣ የበዓል ቀሚስ ከደረት እስከ ወገብ ሲቀደድ፣ የተረፈው የለስላሳ ጠርሙስ ግንባር ላይ ሲሰበር፣ እኔ ዳኛ ተብዬዋ ደግሞ የቧንቧዬን ጫፍ በየትከሻው ሳሳርፍ ዋልኩ። የዚያን ዕለት የስንት ሰው ደም ቀሚሴ ላይ እንደነበር አላውቅም። ማታ ባለቤቴ አይቶኝ መጽሐፉን ይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከወራት በኋላ ቀበሌ ተሰብስበን የሰፈሮቹ ስም ተነበበ። በመጀመሪያው ዙር ውሃና ሽንት ቤት የሚሠራላቸው እነ እገሌ፣ እነ እገሌ፤ የኛ ስም የለም። "የናንተ ደህና ነው ተብሎ ለሁለተኛው ዙር ተላልፏል" አለ የሚያነበው። ዘይነባ ሰሚራን አዝላ ከመሃል ብድግ አለች። ያቺ ድምፅዋ የማይሰማው ሴት! "ደህና ሆነን አይደለም፤ ደብቀን ነው። ያስደበቀችን ደግሞ ጥሩነሽ ናት" አለች። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። አንዱ ከኋላ ኮንጎ ጫማ ወርውሮ ጀርባዬን አገኘኝ፤ ሌላዋ ምራቋን እግሬ ሥር ተፋች። ደሜ ፈላ። ጫማው አይደለም፣ ምራቁም አይደለም፤ እሷ መሆኗ ነው ያቃጠለኝ። ልጅሽን አቅፌ እያጠባሁልሽ ሰው ፊት አቁመሽ ታዋርጂኛለሽ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኮራረፍን። ሰሚራን ባሏ እያመጣ ይሰጠኛል፣ አጥብቼ እመልሳለሁ፤ ከእናቷ ጋር ግን ሰላምታ የለንም። በግድግዳው ስታስል እሰማታለሁ፤ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ሁለት ሳምንት እንደዚያ ሆነን አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ዳምጤ የአህያ ጋሪ ነበረው፤ ከቦኖ ቀድቶ ውሃ ላጣ ሰው በእጥፍ በእጥፍ ይሸጣል። የኛ ጥማት ለሱ ገበያ ነበር። የዚያን ዕለት አሥር ጀሪካን ጭኖ መጣና ረድፉን ሳይጠይቅ በእግሩ ጠረገው፤ የመጀመሪያው የተንከባለለው ቀይ ጨርቅ ያለው የኔ ነበር። "ዳኛዋ ፈረንጅ ጋ ሄዳ ትፍረድ!" ብሎ ሳቀ። ዘለልኩበት። የአህያ አለንጋው አንገቴ ላይ ሁለት ጊዜ ተጠመጠመ፤ ስጠጋው በክርኑ አፌን አለኝ፣ ይቺ የጎደለችው የፊት ጥርሴ የዚያን ቀን የሄደች ናት። አፌ በደም ተሞልቶ፣ ቧንቧዋን በሁለት እጄ ከራሴ በላይ አነሳኋት። በዚህ ጊዜ ዘይነባ መጣች። ከኩርፊያችን ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው፤ "ጥሩዬ ተይ! ወላሂ ተይ!" እያለች እጆቿን ዘርግታ መሃል ገባች። ቧንቧዋ ወረደች።

ዘይነባ አልጮኸችም። እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠችና ግራ ፊቷን በመዳፏ ያዘች። በጣቶቿ መሃል ደም ብቻ አልነበረም የሚወርደው፤ ከዚህ በላይ አልናገርም። ውሃው እየወረደ በሥሯ ቀይ ሆኖ ሲሄድ ቆሜ አየዋለሁ። ግን እስከ ዛሬ በሕልሜ የሚመጣብኝ ደሙ አይደለም። ቧንቧውን የዘጋ ሰው አልነበረም። ሴቶቹ በሷ ላይ እየተሻገሩ፣ እግራቸውን ከደሙ እያራቁ፣ ጀሪካናቸውን መሙላት ቀጠሉ። አንዷማ "እባክሽ ትንሽ ጠጋ በይ" አለቻት። ማርያምን እውነቴን ነው።

ፖሊስ መጣ። ዘይነባ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ "ማነው የመታሽ?" አላት። ቧንቧዋ እጄ ላይ ናት፣ ቢጫው ሽቦ ደም ነክቶታል፤ የአስተማሪ ሚስት ሆኜ በእስር ቤት ግቢ ውስጥ ልጄን ሳጠባ ታየኝ። ዘይነባ በቀረላት ዓይን አየችኝና ፊቷን ወደ ፖሊሱ መለሰች። "ማንም አልመታኝም። ወድቄ ነው። እርጥቡ ሲሚንቶ አዳለጠኝ" አለች። ዳምጤ "ኧረ ውሸት ነው! ይቺ ናት በቧንቧ ዓይኗን ያፈሰሰችባት!" ብሎ ሲጮህ ፖሊሱ በዱላው አፉ ላይ አለው። ረብሻ ያነሳኸው አንተ ነህ ተብሎ እየተደበደበ ሄደ፤ ቀናት ታስሮ ሲወጣ አህያውን ሸጦ ከተማውን ለቀቀ። እውነቱን የተናገረ እሱ ብቻ ነበር፣ እሱ በኔ ፈንታ ሲደበደብ እኔ ዝም አልኩ። ዘይነባን ሐኪም ቤት አስተኟት፤ ዓይኗን ሊያተርፉላት አልቻሉም። እሷ እዚያ በተኛችበት ሳምንታት ሁሉ ሰሚራ እኔ ጭን ላይ ነበረች። ልጅቷ እየጠባች ቀና ብላ ስታየኝ የእናቷ ዓይኖች ናቸው፣ ሁለቱም። እንባዬ ፊቷ ላይ ይወርዳል፣ በእጇ ትጫወትበታለች።

ሁለት በጋ አልፎ ሁለተኛው ዙር እኛ ጋ ደረሰ። መንገዱ በሙሉ በጉድጓድ ተሰነጠቀ፣ ጥቁር የላስቲክ ቧንቧ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ በመኪና መጣ። ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወጡ ከአልጋዬ ሥር የደበቅኳትን ቧንቧ ነጠላዬ ውስጥ ይዤ ወጣሁና ጉድጓዱ ውስጥ ጣልኳት፤ በእግሬ አፈር መለስኩባት። ከሰዓት አዲሱ መስመር በላይዋ ተኛ። በየግቢው ውሃ ገባ። በሸራ የጋረድነው ሽንት ቤት ፈርሶ በቦታው አራት በር ያለው ተሠራ፤ ሲሞላ መጣጭ መኪናው ይመጣል፣ ልጆቹ ሠርግ የመጣ ይመስል ከኋላው ይሮጣሉ። ቦኖዋ ተዘጋች። የሚገርማችሁ፣ ውሃው በገባ በዓመቱ ያቺ ጆሮዋ የተተለተለው ሴትና ጉትቻዋን የጎተተቻት አብረው ማኅበር ይጠጡ ነበር። እኛ ክፉ ሰዎች አልነበርንም እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር፤ ውሃ ነው፣ ጥማት ነው እያልኩ። ስለ ሌሎቹ እውነት ነው።

ዛሬ ታዲያ ልጁ ብረቷን ሲያቀብለኝ መልሼ ልጥላት አሰብኩ። እንዴት ብዬ? ዕድሜዬ ሄዷል፣ ጉልበቴ ከድቶኛል፤ ሌላ ጉድጓድ ሲቆፈር የምደርስ አይመስለኝም። በነጠላዬ ሸፍኜ በዘይነባ በር ገባሁ። ግቢዋ ውስጥ ከቧንቧው ሥር ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ ጎመን ታጥባለች። ፊቷን ትንሽ ወደ ግራ አዙራ ነው የምታየው፤ ያው ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ነው። "ነይ ግቢ፣ ጥሩዬ" አለችኝ። ነጠላዬን ገለጥ አድርጌ "ዘይኑ፣ ይቺን አወቅሻት?" አልኳት።

ጎመኑን አስቀመጠች። ቧንቧዋን ተቀብላ በውሃው አጠበቻት፣ ቢጫውን ሽቦ በአውራ ጣቷ አሸችው፣ በእጇ መዘን መዘን አደረገቻት። "ይቺ ናት?" አለች።

"ይቺ ናት።"

"ቀላል ናት እኮ! እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ትልቅ ብረት ነበር የምትመስለኝ።" ብረቷን ጭኗ ላይ አጋደመቻት። "ጥሩዬ፣ ዛሬ እንግዳ የለብንም። እውነቱን ንገሪኝ። አይተሽኝ ነበር?"

"አይቼሻለሁ" አልኳት። "ዳምጤ በቀኝ በኩል ነበር። ያንቺን ፊት ነው ያየሁት። ስብሰባው ላይ የቆምሽው ታየኝ። እጄን መመለስ እችል ነበር፤ አልመለስኩም።"

ዘይነባ ቧንቧውን ዘጋች። "እኔም ያንቺን ዓይን አይቼዋለሁ" አለች። "ያየሁት ልክ ነው አይደለም እያልኩ ነው የኖርኩት።"

"ታዲያ ለምን ዋሸሽልኝ? ያን ቀን ለፖሊሱ?"

"ላንቺ ብዬ መሰለሽ እንዴ? ልጄ እኮ ጡትሽ ላይ ነበረች። አንቺ ብትታሰሪ ማን ያጠባልኛል?"

ይሄን ሁሉ ዘመን ወዳኝ ነው ብዬ ነበር። በዚያች በአንዲት ነገር ነበር የምጽናናው። ቆሜ አየኋት፤ እሷም ሲሚንቶውን ተደግፋ፣ ጉልበቷን ይዛ፣ ብድግ አለች። ቧንቧዋን ከፍ አደረገቻት። አልሸሸሁም፤ መነጽሬን ብቻ አወለቅሁ። የቀለደች እንዳይመስላችሁ፤ ባላት ጉልበት ሁሉ ነው ትከሻዬ ላይ ያሳረፈችብኝ። አጥንቴ ቋ ሲል ሰማሁት፣ ዓይኔ ጨለመ፣ ከጎመኑ ማጠቢያ ላይ ወደቅሁ። ውሃው በሥሬ ገብቶ ቀሚሴን አራሰው። ዘይነባ ከበላዬ ቆማ ታለቅሳለች፤ በሁለቱም ዓይኗ ታለቅሳለች።

ሰሚራ ከቤት እየሮጠች ወጣች። ትልቅ ሴት ናት አሁን፣ የልጆች እናት። "እማማ ጥሩ! ምን ሆኑ? ማነው?" ብላ በጉልበቷ ተንበረከከች፤ ከዚያ ቀና ብላ እናቷ እጅ ላይ ያለችውን ቧንቧ አየች።

"ማንም አይደለም፣ ልጄ" አልኳት። "ወድቄ ነው። እርጥቡ ሲሚንቶ አዳለጠኝ።"